የማይጣለው ጋዜጣ

በነፃ የሚታደለውን የማስታወቂያ ጋዜጣ የሚቀበል ሰው ታውቃላችሁ አይደል? እንቢ ማለት ይከብደዋል። በሁለት እጁ ይቀበላል፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል፣ አዳዩ ዞር ሲል መሬት ላይ ይለቀዋል። ካዛንቺስን ያቆሸሻት እኮ ይሉኝታ ነው!

በቀደም፣ ለኡራኤል ንግሥ ሰሞን፣ ጋዜጣው ፊቱ ላይ የመልአኩን ሥዕል፣ ጀርባው ላይ የትኋን መድኃኒት ማስታወቂያ ይዞ ወጣ። ሰው እንደ ልማዱ ሳያይ ጣለው። እኔ ለሥራ ኢንተርቪው እየሮጥኩ ነው፤ ታክሲ ተራው ጋ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ቆመዋል።

"ልጄ፣ መልአኩን ልትረግጪው ነው?"

"እትዬ፣ ረፈደብኝ እኮ!"

"እሱን ረግጠሽ ሥራ ልታገኚ?"

በቃ፣ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ለቃሚዋ እኔ ሆንኩ። አንድ እቅፍ ስሞላ ታክሲያቸው መጣና መርቀውኝ ሄዱ። እኔም ከነእቅፌ ወደ ቢሮው በረርኩ።

የበሩ ዘበኛ ገና ሲያየኝ፣ "እዚህ ጋዜጣ ማደል ክልክል ነው!" አለኝ።

"ኧረ እኔ ለሥራ ነው የመጣሁት!"

"እነሱስ ለጨዋታ ነው የሚያድሉት?"

እውነቱን ነው፣ አፈርኩ። "ማለቴ፣ ኢንተርቪው አለኝ። ሥዕሉ እንዳይረገጥ ብዬ ነው የለቀምኩት።"

ሥዕሉን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ተሳለመ። እቅፉን በሁለት እጁ ተቀበለኝና ዙሪያውን አየ። የት ይጣለው?

"ግቢ፣ እንዳይረፍድብሽ" አለኝ። "ስትወጪ ግን ይዘሽልኝ እንድትሄጂ፣ በኡራኤል ይዤሻለሁ!"