ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ተማሪ

በእኛ አገር ቅጽ ይዞ ለመጣ ሰው እውነቱን መናገር ነውር ባይሆንም ሞኝነት ነው። ሰው ሀብቱን የሚያውቀው እንደ ጠያቂው ነው። ለእርዳታ ከተጠየቀ ቤቱ ባዶ ነው፤ ለግብር ከተጠየቀ መሬቱ ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ የሄደ ዕለት ግን ከብቱ በረት አይበቃውም። ሦስቱንም ያለው ያው አንድ ሰው ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ደግሞ ፊቱን ብታዩት በታቦት የማለ ይመስላል። አገሬን እያማሁ እንዳይመስላችሁ። የማማው ራሴን ነው፤ እስክደርስበት ትንሽ ታገሱኝ።

እኔ መርሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ወልድያ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ የአራት ዓመት ልጃችንም ከእሷ ጋር ናት። መንገዱ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ባይሞላም በየቀኑ የሚመላለሱት አይደለም። ስለዚህ እኔ የአርብ ማታ አባት ነኝ። ሰኞ ጠዋት ልጄ ስትነሳ እናቷን «እንግዳው ሄደ?» ብላ እንደምትጠይቅ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ይህን እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ታዲያ ወልድያ ውስጥ አንድ የሥራ መደብ ተከፈተ፤ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነበር። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ እነሱም የኔን ስም ባይጠሩት ደስ ባለኝ ነበር። መደቡ የሚጠብቀኝ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ከተመረቅሁ ከልጄ ጋር ቁርስ እበላለሁ፤ ካልተመረቅሁ እንግዳው ይሄዳል።

የጥናቴ ርእስ በሀብሩ ወረዳ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ኑሮ ነበር። ስድሳ ሁለት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጅቼ ከውርጌሳ ወጣ ብሎ ወዳለ መንደር ሄድኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ጋሽ ይመርን ነው። ጠዋት ሽንኩርታቸውን አጠጥተው ጥላ ሥር አረፍ ያሉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ከቦርሳዬ ሳወጣ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ።

ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለትምህርት ነው አልኳቸው። ለእርዳታ አይደለም? አይደለም። ለግብርስ? ኧረ አይደለም ጋሼ! ሦስተኛ ዓይነት ቅጽ አይተው ስለማያውቁ ለጥንቃቄ የእርዳታውን መልስ ሰጡኝ። በሬ? የለም። ላም? ነበረች። የመስኖ መሬት? «እሱማ የአላህ ነው።» ዐሥራ አንደኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ አንድ ጎረቤት በአጥሩ በኩል ብቅ አለና ነገ ዳለቻውን በሬ ይወስደው እንደሆነ ጠየቃቸው። እሱ አንድ በሬ ብቻ ስላለው ከጋሽ ይመር በሬ ጋር አቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። ጋሽ ይመር ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ «ከዙህር ሶላት በኋላ ና፤ አሁን በሬ የለኝም፣ እንግዳ አለብኝ» አሉት።

እኔም መምህር አይደለሁ? ስለ ምርምር ሥነ ምግባር ግማሽ ሰዓት ሰበክሁባቸው። የተሳሳተ መረጃ አገር እንደሚጎዳ፣ ለቅጽ መዋሸት ራስን መዋሸት እንደሆነ፣ ሌላም ሌላም ብዙ ነገር አልኩ። ያኔ የተናገርኩትን ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ጋሽ ይመር እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝና «መምህር፣ ማሻአላህ ጥሩ ትናገራለህ። አሁን እስክሪብቶውን ኪስህ ክተትና እንደ ሰው እናውጋ» አሉኝ።

ከተትኩት። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ብታዩ! ሁለቱ በሬዎች ከነስማቸው መጡ፤ ላሚቱም ከሞት ተነሣች። የውኃ መሳቢያውን ከማን ጋር እንደገዙት፣ ደላላው ሽንኩርቱ ሊበሰብስ ሲል ጠብቆ እንዴት ዋጋ እንደሚሰብርባቸው፣ ማን ከማን ጋር በውኃ ተራ ተጣልቶ ማን እንዳስታረቃቸው፣ ሁሉንም አወጉኝ። እኔ እየሰማሁ በልቤ ይዤ፣ ውርጌሳ ስደርስ አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ሳይጠፋኝ በደብተር እገለብጣለሁ። በዚህ መንገድ ሁለት ወር ሙሉ ቤት ለቤት ዞርኩ። መጠይቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ ጥናቱ ግን ሞላ።

ላፕቶፔ ላይ አንዲት ፊደል ከነአካቴዋ ወልቃ ስለነበር «ሀብሩ» ብዬ ለመጻፍ ‹ሀ›ን ከሌላ ቦታ እየቀዳሁ ነው የጻፍኩት። እንደዚያም ሆኖ ጽሑፉ ጥሩ ወጣ። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ አማካሪዬ ነው። አማካሪዬ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ዓመቱን ሙሉ ስልጠና ላይ መሆኑ ነው። ያን ሁሉ ስልጠና ተሰልጥኖ ምን ሊሆን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ብቻ ሦስት ጊዜ አግኝቼው ሦስቱንም ጊዜ «በርታ» ብሎኛል። ጽሑፉ በሦስት ቅጂ ተጠረዘ፤ በፈታኞች ፊት ቆሜ የምከላከልበት፣ እኛ ዲፌንስ የምንለው ቀን ተቆረጠ። ባለቤቴ ለልጃችን «አባባ ሊመጣ ነው» አለቻት፤ ልጅቱም «አርብ ነው እንዴ?» አለች።

ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ድጋፍ ማዕከል ከፈተ። ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ለስላሳ ተጠጣ። ማዕከሉ አዲስ ቀለም የተቀባ በር ያለው አንድ ክፍል ሲሆን፣ ኮምፒውተሮቹ ላስቲካቸው ሳይገለጥ ተደርድረዋል። ላስቲኩን ማንሣት ክልክል ነው፤ ይቆሽሻሉ። ከዚያ በቴሌግራም ማስታወቂያ መጣ፤ ተማሪ ሁሉ የድጋፍ ፍላጎት ቅጽ ይሙላ ይላል። ከማስታወቂያው በፊት ደግሞ ወሬው ደርሶ ነበር፤ አንድ ፕሮጀክት ላፕቶፕ ለግሷል፣ የሚሰጠውም በጣም ለቸገረው ነው፣ ለዚያውም ገና ላልጨረሰ። ለጨረሰማ ምን ይረባዋል?

ሞላን እንግዲህ! አንድ ክፍል ሙሉ የተማረ ሰው በችግሩ ሲወዳደር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወልድያ መሀል ከተማ ሱቅ ያለው የክፍል ጓደኛዬ ብርሃኑ «ስልክ አለህ ወይ?» ለሚለው «የለኝም» ብሎ ሞላና ወረድ ብሎ ስልክ ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፈ። እኔም ከሱ አላነስኩም። ኮምፒውተር? የለኝም፤ ይህን ስጽፍ ላፕቶፔ ጭኔ ላይ ነበር። አማካሪህን ስንት ጊዜ አገኘኸው? አላገኘሁትም። የመመረቂያ ጽሑፍህ ከምን ደረሰ? እዚህ ላይ ትንሽ አመነታሁ። የተጠረዙት ሦስት ቅጂዎች እግሬ ሥር በፌስታል ተቀምጠዋል፤ ሙጫቸው ገና ይሸታል። ‹ሀ› የሚጽፍ ላፕቶፕ ታየኝ። «ገና አልጀመርኩም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

በሁለተኛው ሳምንት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች» የሚል ዝርዝር ተለጠፈ። አንደኛ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንደኛ ስወጣ የመጀመሪያዬ ስለነበር ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። ከደወልኩ በኋላ ነው ከሥር ያለውን ያነበብኩት። ድጋፉ «የመመረቂያ ጽሑፍ እንዴት ይጀመራል» የሚል የአንድ ሴሚስተር ስልጠና ነው። ስማቸው የተዘረዘረ ተማሪዎች ስልጠናውን ሳያጠናቅቁ ዲፌንስ እንደማይቀርቡም ተጽፏል። ላፕቶፕ የሚል ቃል የትም የለም።

ፌስታሌን አንጠልጥዬ ወደ ማዕከሉ በረርኩ። አስተባባሪዋ ትሑት ሴት ናት። ጨርሻለሁ፣ ይኸው ጽሑፌ፣ ዲፌንሴ የፊታችን ሐሙስ ነው እያልኩ ለፈለፍኩላት። ወንበር ሰጠችኝ፤ ፋይሌን አውጥታ ቅጼን አነበበች፤ ከዚያ ጽሑፌን ገለጠች፤ እንደገና ቅጼን አየች። «መምህር፣ ኮምፒውተር የለዎትም፤ አማካሪዎን አግኝተው አያውቁም፤ ገና አልጀመሩም። ታዲያ ይህን ማን ጻፈልዎት?» አለችኝ።

በከተማው አንዳንድ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፍ እንደ እንጀራ ተጋግሮ እንደሚሸጥ እኔም አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ በእግሬ ዞሬ ነው የሰበሰብኩት አልኳት። እንግዲያው ገበሬዎቹ የሞሉትን መጠይቅ አምጡ አለችኝ። ምን ላምጣ? ነጩን ወረቀት? ደብተሬን አሳየኋት፤ ይህን ቤት ቁጭ ብሎም መጻፍ ይቻላል አለች። አማካሪዬ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው፣ ሰውየው ስልጠና ላይ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ተፈርሞበት ፋይል የገባማ የት ይገኛል?

በመጨረሻ በለሰለሰ ድምፅ ሁለት መንገድ አሳየችኝ። ወይ ጽሑፉ ውሸት ነው፣ ወይ ቅጹ ውሸት ነው። ጽሑፉ ውሸት ከሆነ እባረራለሁ። ቅጹ ውሸት ከሆነ ለዩኒቨርሲቲው ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቻለሁና ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከክረምት በኋላ ነው። ሦስተኛም አለ፤ ዝም ብዬ ልደገፍ። ዝም ብዬ ተደገፍኩ። ከሦስቱ ቅጂዎቼ አንዱን ለማስረጃ ብላ አስቀረችው።

መደቡ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለባለቤቴ ስነግራት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሳምንት የልጄን ዓይን ማየት አፍሬ ነበር ብል እመኑኝ፤ አራት ዓመቷ ቢሆንም።

ስልጠናው ባለፈው ቅዳሜ ተጀመረ። አሰልጣኙ ከሌላ ቦታ የመጣ ወጣት ምሁር ነው፤ አያውቀኝም። መጀመሪያ ጥሩ ጥናት ምን እንደሚመስል በምሳሌ ላሳያችሁ አለና ማዕከሉ የሰጠውን አንድ ቅጂ አነሣ። ስሙን በነጭ ወረቀት ሸፍኖታል። ሙሉ ጠዋት ስለ ሀብሩ ሽንኩርት አስተማረን፤ መረጃው እንዴት እንደጠራ፣ ገበሬው እንዴት ልቡን ከፍቶ እንደተናገረ እየጠቀሰ አደነቀ። እጄን አውጥቼ የዚህ ጽሑፍ ባለቤት አሁን የት እንዳለ ጠየቅሁት። አሰልጣኙ ፈገግ አለና «አላውቀውም፤ ግን የማንም ድጋፍ ሳያስፈልገው የጨረሰ ተማሪ እንደሆነ ያስታውቃል። እርስዎም እንደ እሱ ለመሆን ይጣሩ» አለኝ።

እየጣርኩ ነው።