የዘነበች ጉርሻና የእኔ ምላስ

የበደለችኝ ዘነበች ናት። ስሟን ከመጀመሪያው የጠራሁት ሐሜት ነው እንዳትሉኝ ነው። ክፉ ሰው ሲመጣባችሁ በር ትዘጋላችሁ፤ ደግ ሰው ምግብ ጠቅልሎ ሲመጣባችሁ ግን ምን ትዘጋላችሁ? አፋችሁን? ሞክሩትና እዩት።

ጊዜው የደርግ ነው። አዲስ አበባ ዝምታ እንደ ሙያ በሚቆጠርበት ዘመን እኔ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ያሰብኩትን ስለምናገር፣ ልጄ ሰናይት «እማዬ፣ አፍሽ ሳያስበላሽ» ብላ ናይሮቢ አስመጣችኝ፤ ካሳራኒ፣ ሁለት ክፍል ቤት። ደርግ ያልዘጋውን አፍ አንድ ቀን ፊቴን ስታጠብ ደም ግፊት አንጎሌን መትቶ ዘጋው። ቀኝ እጄ ዛለ፣ ከንፈሬ ተንጋደደ፣ ምላሴ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጋደመ። ውኃ እንኳ መንገዱን ስቶ ወደ ሳንባዬ ይሾልክ ጀመር። ሐኪሙም «ደግሞ ትን ካላት በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብተን እንመግባታለን» አለ። በአፍንጫ! እኔን፣ በላይነሽን!

ዋንጂኩ ወደምትባል ልጅ እግር ባለሙያ ላኩን። ሥራዋ ምላስና ጉሮሮ ማሠልጠን ነው፤ አትሳቁ። ምላስ አውጥቶ ማቆየት፣ ማንኪያ በምላስ መግፋት፣ ባዶ አፍ አጥብቆ መዋጥ፣ ስውጥ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ መስተዋት ፊት «ካ፣ ካ፣ ካ» ማለት። በልጅነቴ ፊደሉን ሳልጨርስ ነበር ያቋረጥኩት፤ በስተርጅና ካቆምኩበት ቀጠልኩ ማለት ነው።

«ይሄ ቁራነት ለአንጎል ምን ያደርጋል?» ብዬ በእጄም በዓይኔም ጠየቅኩ። ሰናይት እያስተረጎመች ዋንጂኩ መለሰችልኝ፦

«ቲካ ሮድ ሲዘጋ ማታቱው ምን ያደርጋል?»

የናይሮቢ ታክሲ የሚያደርገውን ማን ያጣዋል? በጭቃው፣ በሰው ጓሮ ይሾልካል።

«አንጎልሽም እንደዚያው ነው። በተመላለስሽበት ቁጥር ጓሮው መንገድ ይሆናል። ከተውሽው ግን ሣር ይበቅልበታል።»

እኔም ተመላለስኩ። ጎረቤታችን ዘነበች ደግሞ ሣር ትዘራለች። ልቧ ቅቤ ነው፣ አልዋሽም። ግን ጠያቂ መጥቶ «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ፣ ከንፈሬን ሳላቀና እሷ «ደህና ነኝ ትላለች» ትላለች። ሰው እንዲህ ከተናገረለት ምላስ ለምን ይልፋ?

የእንቁጣጣሽ ዕለት ቤታችን በእንግዳ ሞላ። እኔ ኡጂ የሚሉት የኬንያ አጥሚት ወፈር ተደርጎ ተሰጥቶኝ በማንኪያ እለቅማለሁ። ዘነበች አዘነችልኝ። የዶሮ ወጥ ጉርሻ፣ ቡጢ የሚያህል፣ ጠቅልላ ቆመች።

«እትዬ በላይነሽ፣ አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«በሞቴ! ዶሮ እኮ ነው፣ ደግሞ ዶሮ ማንን ጎድቶ ያውቃል?»

ሰናይት ኩሽና ነበረች። ዘነበች ጉርሻውን አፌ ውስጥ ገፋችው።

ትን አለኝ። ዓይኔ ጨለመ፤ የታየኝ ቱቦው ብቻ ነው። ያን ጊዜ አካሌ እኔን ሳይጠይቅ የተማረውን ሠራ፦ አገጬ ወደ ደረቴ ወረደ፣ ጉሮሮዬ ጨበጥ አለ፣ ከሆዴ ሳልኩ። የሚወጣው ወጣ፣ የቀረውን አጥብቄ ዋጥኩ፣ ወረደ። ወዲያው አፌ ተከፈተ፦

«አንቺ ሴትዮ! ልትገድይኝ ነው?»

ጥርት ብሎ! ከታመምኩ ወዲህ ሙሉ ነገር ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ሰናይት ከነጭልፋዋ ወጥታ አለቀሰች። ዘነበች ግን እጇን ሳትታጠብ አወጀች፦

«አያችሁ! የኔ ጉርሻ አናገራት!»

ሳይመሽ ወሬው ካሳራኒን አዳረሰ። በደሏ ይሄ ነው እንግዲህ። ልትገድለኝ መድረሷን ይቅር ብያታለሁ፤ የዶሮ ጭን የምላሴን ልፋት ሲወስድብኝ ግን እንዴት ብዬ ዝም ልበል?

በማግስቱ ጠዋት ዘነበች ሦስት ሴቶች አስከትላ መጣች። «እትዬ፣ እስቲ አንዴ ተናገሪላቸው!»

አስቀመጥኳቸው። ቀስ ብዬ፣ እየጎተትኩ፣ «ምላሳችሁን... አውጡ» አልኩ።

«ምን?»

«አውጡ። ያናገረኝን... ላሳያችሁ።»

ታላቅ ነኝና አወጡ። ዘነበች መጨረሻ ላይ አወጣች። «በቃ... እስክል... እንዳታስገቡ» አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እኔ የሚናገር ሰው በቤቱ ጠፋ። እኔም ኡጂዬን ስቤ፣ አገጬን ዝቅ እያደረግኩ፣ ሳልቸኩል ቁርሴን በላሁ።