የአነር ጠበቃ

ሁሉን የሚያውቅ፣ ለሥራ ግን ጣቱን የማያነሳ ጎረቤት በየሰፈሩ አንድ አንድ ተመድቧል። ለዶሮ አርቢዋ የደረሳት ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ትለዋለች፤ በሆዷ ግን «ክቡር ሊቀ አራዊት»።

ያን ሰሞን ከወንዙ ዳር ሣር ውስጥ አነር እየወጣች ዶሮዎቿን ትለቅም ጀመር። ሴትዮዋ ደግሞ የምታድረው እንቁላል ሸጣ ነው። ላባ እየጠረገች ስትንጨረጨር፣ ክቡርነታቸው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ተፈጥሮዋን ማወቅ ነው፣ እህት ዓለም! የአነር ዋና ምግቧ አይጥ ነው።»

«ታዲያ የኔን ዶሮዎች አይጥ ናቸው ብሎ ማን ነገራት?»

«ልጆች ይኖሯታል። አባትየው እንደሆነ ዞር ብሎ አያይም፤ ብቻዋን ነው የምታሳድገው።»

«እኔስ ከማን ጋር አሳደግኩ?»

አጥሩን በቆርቆሮ ስታስረዝም ውላ እጇ ደማ። ክቡርነታቸው መዶሻ እንኳ ሳያቀብሉ ቆመው ዋሉና፣ የመጨረሻው ምስማር ሲመታ ጠብቀው፣ «አነር ከቆመችበት ተነስታ የሰው ቁመት ትዘላለች። ይሄ አያግዳትም» አሉ።

ቀጥሎ መላ አመጡ። አነር የምታድነው በጆሮዋ ነው፤ አይጥ ሣር ውስጥ ስትንኮሻኮሽ ትሰማለች። ስለዚህ ጫጫታ ያደናግራታል ብለው ዶሮ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ሰቀሉ። ኳስ ይተላለፍ ነበር። ጎል በገባ ቁጥር ዶሮዎቹ እየተንጫጩ እርስ በርስ ተረጋገጡ፤ እንቁላል መጣልም አቆሙ። አነሯ ግን ጨዋታው ሳያልቅ መጥታ አውራውን አንጠልጥላ ሄደች።

አሁንስ በቃት። ሥጋ ላይ መርዝ ነሰነሰችና፣ ሬዲዮውን ጎረቤቷ ፊት ላይ ልትወረውር የቤቱን በር በርግዳ ገባች።

«እንካ ሬዲዮህን! ሥጋውን መርዤዋለሁ፤ ዛሬ ያቺ ዘመድህ ትሞትብሃለች!»

ሰውየው ክው አለ። ቤቱ ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ አለ። አቧራ የሸፈነው መደርደሪያ ላይ፣ ሬዲዮው የተነሳበት ቦታ ብቻ ንጹሕ ነው።

«ሌላ ሬዲዮ የለህም እንዴ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን ስትሰማ ከረምክ?»

«ያንቺን ስድብ። ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው።»

ልትስቅ ነበር፤ ንዴቷ አልፈቀደላትም።

«ሥጋውን እቀብረዋለሁ» አለች፣ «ግን የዶሮ ቤቱን ላዩን በሽቦ ስሸፍን መጥተህ ትይዝልኛለህ። በእጅህ! በአፍህ አይደለም!»

መጥቶ ያዘ። አውራ ጣቱን ሁለት ጊዜ በመዶሻ መታ።

«ተፈጥሮዋን...»

«ዝም ብለህ ያዝ!»

ሽቦው አገደ። አነሯም ወደ አይጦቿ ተመለሰች።

አንድ ጠዋት ሴትዮዋ ዶሮዎቿን ስትመግብ፣ ከሣሩ በላይ ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች፣ ከኋላቸው ደግሞ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ቆመው አየች። የተረፈውን ጥሬ እንደያዘች ወደ አጥሩ ሮጠች።

«ጋሼ! ከነልጇ መጥታልሃለች። ና እንጂ፣ አስረዳኝ!»

ሬዲዮውን ዘግቶ መጣ።