ክብርት ድምፅ ማጉያ

ሚስጥር መያዝ የሚችል፣ ድምፁን መያዝ ግን የማይችል ፋርማሲስት የሌለበት ሰፈር የለም። አንድ ወጣት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሚኖርበት ሰፈር ያሉት ፋርማሲስት ወይዘሮ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አሳርፈው ሲናገሩ፣ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቁሞ ያዳምጣል። ሰፈርተኛው «ክብርት ድምፅ ማጉያ» ይላቸዋል። ያውቃሉ፤ ቅር አይላቸውም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኮንዶም ሊገዛ ሦስት ቀን ተመላለሰ። ሦስቱንም ቀን ከኋላው ሰው ሲቆምበት የጥርስ ሳሙና ይዞ ወጣ። በአራተኛው ክብርትነታቸው አላለፉትም።

«ልጄ፣ የጥርስ ሳሙና ቁርስ አደረግኸው እንዴ?»

«አይ፣ ያው...»

«ኮንዶም ነው?»

ወረፋ የያዙ አንዲት እናት ጣሪያውን መመርመር ጀመሩ። እሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ምን አንገትህን ያስደፋሃል፣ አልሰረቅህ። ቀኑ እንዳላለፈበት እይ። በጥርስህ አትቅደድ። ኪስህ ውስጥ ሲሞቅ የከረመውን ጣለው። ሁለት ልደርብ ብትል ተፋትጎ ይቀደዳል፤ ብርድ ልብስ አይደለም።»

ልብስ ሰፊው ለአንድ ሳምንት ባየው ቁጥር «እንዴት ነው፣ በረደህ?» እያለ ፈጀው።

ከፀጉር ሠሪዋ እጮኛው ጋር ሁለት ወር ተጠነቀቁ። ከዚያ «ተማምነናል» አሉና ሳይመረመሩ ኮንዶሙን ተዉት። ብዙም ሳይቆይ ሽንቱ ያቃጥለው ጀመር።

ፋርማሲው ሞልቶ ነበር። አፉን ከመክፈቱ በፊት ወይዘሮዋ ፊቱን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ። በካርቶን ወደተሞላችው ጓዳ አስገብተውት በሩን ዘጉ። ድምፃቸው እንዲህ ዝቅ ማለት እንደሚችል በሰፈሩ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለመስማት ጎንበስ አለ።

«ያቃጥልሃል?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«በግምት መድኃኒት አልሰጥህም። ክሊኒክ ሂድና ተመርመር፤ ኤችአይቪንም አብረህ። እንዲህ ያለው አብዛኛው ይድናል። ለእጮኛህም ንገራት።»

«ትተወኛለች፣ እትዬ።»

«ልትቆጣ ትችላለች። እሷ ላይ ግን ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሳታውቅ ከምትጎዳ ትቆጣህ።»

ነገራት። ሁለት ቀን ስልኩን አላነሳችም። በሦስተኛው ቀን ክሊኒክ መጥታ ከእሱ አንድ ወንበር ዘልላ ተቀመጠች። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱም አንድ ዓይነት የአባላዘር ኢንፌክሽን ነበራቸው፤ በመድኃኒት የሚድን። ከኤችአይቪ ነጻ ናቸው፤ ሐኪሟ ግን ከሦስት ወር በኋላ እንዲደግሙት አዘዘች።

«ማን ለማን አመጣ ብለን አንጨቃጨቅ» አለችው ፀጉር ሠሪዋ። «ሳንመረመር ግን ዳግም አንተማመን» ብላ አጠገቡ ወዳለው ወንበር ተጠጋች።

ዘንድሮ አብሮት የሚሠራው ግንበኛ ፍቅር ያዘው። ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብሎ፣ «የሆነ... ጸጥ ያለ ፋርማሲ ታውቃለህ?» አለው።

«ከባንኩ ጎን አለ። ቀና ብለው እንኳ አያዩህም» አለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው። «አንተ ግን እኛ ሰፈር ክብርት ድምፅ ማጉያ ጋ ሂድ። ካፈርክ አብሬህ እሰለፋለሁ።»