የቮልሷ ቀኝ በር

የድሮ መኪና ያለው ዘመድ አለዎት? እንግዲያው ያውቁታል፤ የራሱ ጥርስ እየወለቀ የመኪናውን በር የሚያሳክም ሰው ነው። ፍኖተ ሰላም የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ጌታሁን ከአባቱ የወረሳትን ቮልስ ይዞ ባትላሜራ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። የቀኙ በር ማጠፊያ ተቀየረ፣ ተበየደ፣ በሩም ልክ ገጠመ። በማግስቱ ግን ያው ወርዶ አልዘጋ ይላል።

«አባባ ሲገቡ በሩን ይደገፉት የለ» አለኝ፣ ረጋ ብሎ። አባባ ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል።

ሳቅሁበት። ወደ ቡሬ ልንሄድ ስንል ደግሞ የፊቱን ወንበር ባዶ ትቶ እኔን ከኋላ አስቀመጠኝ። ሰው ለሞተ ሰው ይህን ያህል ይሽቆጠቆጣል? ይህን እያሰብሁ፣ መኪናዋ ገና ሳትነሣ፣ ቀኙ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ክብደት ያረፈበት ይመስል ሲጥ እያለ ወረደ። ቀጥሎ የባዶው ወንበር ስፖንጅ ረገብ አለ።

ጌታሁን ዞሮም አላየ። እኔ፣ ያ ሁሉ የሳቅሁት ሰውዬ፣ ለአዛውንት እንደሚደረገው ብድግ ስል ጭንቅላቴ ከጣሪያው ተላተመ። «ኖር» አልሁ።

«በእግዜር» እስክባል ድረስም አልተቀመጥሁም።