ስልክ የሌለው ደዋይ

በየመንደሩ አንድ ሰው አይጠፋም። የራሱ የሚለው ነገር የለውም፣ የሰው ነገር ግን አይቀረውም። መሰላላችሁን በፈለጋችሁት ቀን እሱ ዘንድ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ በዕቃችሁ እየተጠቀመ የዕቃውን ክፋት የሚሰብካችሁ ነው።

ለኤልቫ ሆርስት ይህ ዕጣ ክቡር አሞን ሪል ሆኖ ደረሳት። አሜሪካ፣ ላንካስተር ገጠር ውስጥ ሁለቱን ቤት የሚለያቸው አንድ የበቆሎ ማሳ ነው። እሷ ሜኖናይት ናት፣ እሱ አሚሽ፤ ሁለቱም ዘመናዊ ዕቃን በሕግ የሚገድቡ የክርስትና ወገኖች ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው ባንድ መጽሐፍ ሲጸልዩ ኖረው፣ ልጆቻቸው የመብራትና የስልክ ሽቦ ላይ ሲደርሱ ተለያዩ። የሷ ቤተ ክርስቲያን መብራትና ስልክ ፈቅዳለች። መኪናም ፈቅዳለች፣ የሚያብለጨልጨው ፓራውልት ሳይቀር ጥቁር ከተቀባ። የሱ ቤተ ክርስቲያን መኪና መሳፈርን እንጂ መኪና መያዝን፣ በስልክ ማውራትን እንጂ ስልክ ቤት ማስገባትን አትፈቅድም።

«የኔ አይደለማ» ይላል አሞን። ያላለፈበት በር የለም በዚች ቃል።

ሁልጊዜ ጠዋት ላሞቹን አልቦ ይመጣና ባርኔጣውን እንዳጠለቀ የኤልቫ ማድ ቤት መሃል ይገተራል። አይቀመጥም፣ ስልኩንም አይነካም። ኤልቫ ሊጥ በነካው እጇ ደውላ ጆሮው ላይ ትይዝለታለች። ሽቦውን ስለማያምነው ይጮሃል፤ የሚደውልለት ኮርቻ ሰፊ ያለ ስልክም ይሰማው ነበር። ኤልቫ አንድ ዓይኗ የታመመ ባሏ የተኛበት መኝታ ቤት ላይ፣ አንዱ ስልኩ ላይ ነው። መስመሩ በልጓም ወሬ ተይዞ ሐኪሙ ቢደውልስ? አሞን ወሬውን ጨርሶ ሲያበቃ ደግሞ ስብከቱን ይጀምራል።

«አየሽ ኤልቫ፣ ይሄ ነገር ሰውን ከጎረቤቱ ይለያል።»

«እኔና እርስዎን መቼ ለየን፣ ጋሼ አሞን?»

«የኔ አይደለማ።»

መኪናዋ ውስጥም ያው ነው። ከኋላ ወንበር ሆኖ «ፓራውልቱን አጠቆርሽው እንጂ ትዕቢቱ እንዳለ ነው» ይላታል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ከዚህ በላይ አይሮጥም እንዴ? ገበያው ሊዘጋ ነው» ይላል።

ኤልቫ አንድ ነገር ከልቧ ትጸልይ ነበር። በወዲያኛው ሰፈር ያሉ አሚሾች መንገድ ዳር ትንሽ የስልክ ቤት ተፈቅዶላቸዋል። የአሞን ሽማግሌዎችም እንደዚያው ቢፈቅዱለትና ማድ ቤቷ ቢያርፍ ምን ነበረበት?

የሐኪሙ ነገር የባሏ የአይቫን ነው። ሳንባው ከደከመ ወዲህ አልጋው አጠገብ ያለው የኦክስጅን ማሽን ቀን ከሌት እያጉረመረመ ያስተነፍሰዋል። አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር የኤልቫ ልብ ድንግጥ ይላል። ከንፋስ ጋር ተጣልታለች፣ ከደመና ጋር ተጣልታለች።

በጥር የፈራችው ደረሰ። ሌሊቱን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ ሽቦው ሁሉ ተበጠሰ፣ መብራት ሄደ። ማሽኑ ዝም አለ። መጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር ከፈተችለት፣ የመለኪያው መርፌ ግን ወደ ቀዩ መስመር መውረድ ጀመረ። ስልኩም አብሮ ሞቷል። መኪናዋን ወደ መንገድ ብታወጣ አንድ ትልቅ ዛፍ መንገዱን ዘግቶት ተኝቷል። ከመስኮት ወደ መርፌው፣ ከመርፌው ወደ መስኮት ተንቆራጠጠች።

«ቁጭ በይ እባክሽ» አለ አይቫን፣ ድምፁ እያነሰ። «አንቺን ሳይ እኔን ይደክመኛል።»

አሞን የገባው ይሄኔ ነው፣ ባርኔጣው ላይ በረዶ ጋግሮ።

«ኤልቫ፣ ለወተት ሰብሳቢው ደውይልኝ እስቲ።»

«ስልኩ ሞቷል ጋሼ አሞን። መብራት የለም። አይቫን ይሄ ካለቀ...» አለችና ሲሊንደሩን አሳየችው። ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አልሆነላትም።

አሞን መርፌውን አየ፣ አይቫንን አየ፣ ዞሮ ወጣ። አይዞሽ እንኳን አላለም። ኤልቫ ደሟ ፈላ። ለካ ስልኩ ሲሞት ጎረቤትነቱም ይሞታል አለች። ከዚያ ከአልጋው ሥር ተንበርክካ የባሏን እጅ ያዘች። እጁ ቀዝቅዟል።

መርፌው ቀዩን ሲነካ ከውጭ ሰኮና ተሰማ። አሞንና ሁለት ጎልማሳ ልጆቹ ናቸው። በቅሎዎቹ በበቆሎው ማሳ አቋርጠው በበረዶ ላይ የሚጎትቱት የአሞንን የወተት ማቀዝቀዣ የሚያሠራውን የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ለወተት ብቻ ብላ የፈቀደችለት፣ ከወተት ቤቱ እንዳይወጣ ያስጠነቀቀችው።

«ደንባችሁስ?» አለች ኤልቫ።

«ደንቡ ቤትህ አታስገባ ነው የሚለው። ይሄ ቤት የኔ አይደለማ።»

«ወተቱስ? ይበላሽ የለም እንዴ?»

«አሳማዎቹ ዛሬ ድግስ አላቸው።»

ጄኔሬተሩ ግቢው ውስጥ አስሎ አስሎ ተነሣ። ልጆቹ ገመዱን በመስኮት አስገቡ። አሞን ጫፉን ተቀብሎ እስከ ማሽኑ አመጣውና ቆመ።

«መሰካቱን አንቺ» አላት።

ኤልቫ ሰካችው። ማሽኑ አጉረመረመ። ከብዙ ቆይታ በኋላ የአይቫን ከንፈር ወደ መልኩ ሲመለስ ኤልቫ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። አሞን ወንበር ስቦ አልጋው እግርጌ ተቀመጠ፣ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ። በማግስቱ መብራት እስኪመጣ አልተነሣም። መብራት መጥቶ ስልኩ ሲጮህ ግን ብድግ ብሎ ቆመ።

መጋቢት ላይ በረዶው ቀለጠ። አሞን አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ ማድ ቤቱ መሃል ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሽማግሌዎቹ ጠርተውኝ ነበር። ስለ ጄኔሬተሩ ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ እንዲህ ያለ ክፉ ቀን ሲመጣ ይሁንህ ብለው መንገድ ዳር የስልክ ቤት ፈቀዱልኝ። መሬቱ ለስለስ ሲል ምሰሶውን እተክላለሁ።»

ጸሎቷ ሰመረ። ኤልቫ ግን ሊጡ ላይ እጇ ቆመ። ጠዋት ጠዋት ይህ ማድ ቤት ጭር ብሎ ታያት። ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። የአሞን ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጭቃ ተለውሶ አሁን በወለወለችው ወለል ላይ ይንጠባጠባል።

«መሬቱማ ገና ድንጋይ ነው፣ ጋሼ አሞን» አለች። «ዘንድሮ የሚለሰልስም አይመስለኝ።»

አሞን አጎንብሶ የጫማውን ጭቃ አየ። ቀና አለ።

«እኔም አይመስለኝ» አለ። «በይ ለኮርቻ ሰፊው ደውይልኝ።»

ደወለችና ጆሮው ላይ ያዘችለት።