ስድስት ሰዓት ላይ የሚዘጋው ኮምፒውተር

ተቆጥቶ ደጄን የሚያንኳኳ ሰው አያስፈራኝም፤ የመጣበትን ተናግሮ ይሄዳል። የሚያስፈራኝ አዲስ ነገር ይዞ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ የሚመጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የቀድሞውን ሳያስጥላችሁ መቼ ይሄዳል?

ባለፈው ሳምንት እንደዚህ ያሉ ሁለት ሰዎች ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ካለችው የቤት ዕቃ መሸጫዬ ገቡ። ዳዊትና ሆዳን፣ የሟቹ ባለቤቴ ወጣት የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ባለቤቴ ፕሮግራም ጸሐፊ ነበር። የድሬ ሰው ወሬውን በአማርኛ ጀምሮ፣ በኦሮምኛ አዙሮ፣ በሶማልኛ ይጨርሳል፤ የእኔው ሰው ግን ከሁሉም አብልጦ የሚያወራው ጃቫ በሚሉት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ከኮምፒውተር ጋር ነበር። ከሰው ጋር ቁጥብ ነው። አንዴ ይናገራል፣ አይደግምም።

የሱቄን ሽያጭ የሚመዘግበውን ፕሮግራም የጻፈልኝም እሱ ነው። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን «ሙቀቱ በረታ። ዝጊና ቤት ግቢ» የሚል ጽሑፍ ያወጣና ራሱን ይዘጋል። እሱ ካረፈ ወዲህ ግቢ የሚለኝ ሌላ ማን አለ?

ኮምፒውተሩ ስላረጀ፣ ልጆቹ የመጡት ፕሮግራሙን ወደ አዲስ ሊያዛውሩልኝ ነው። ግን ሥራውን ትተው የተሻሻለውን የጃቫ መጻፊያቸውን ማወደስ ያዙ። ሆዳን፣ ሁለት ፊደል ስነካ የቀረውን ይጨርስልኛል አለች። ዳዊት ደግሞ ስሕተቴን ገና ሳልሠራው ይነግረኛል አለ። ታዲያ ይሄ ሚስት ነው እንጂ መሣሪያ ነው? አልኩ በሆዴ። ከሁሉ የወደዱለት ግን ጽዳቱን ነው፤ ፋይዳ የሌለውን መስመር ራሱ አግኝቶ ያደበዝዘዋል፣ አንድ ቁልፍ ሲነኩ ይጠርገዋል። ይህን እንደ ምሥራች ነው የሚነግሩኝ። እጄ ቀዘቀዘ፤ በድሬ ሙቀት እጅ መቀዝቀዙ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ደንበኛ ፊት ራሱን የሚዘጋ የሱቅ ፕሮግራም ፋይዳ ቢስ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ያ ጽሑፍ ከተጠረገ ስድስት ሰዓት ዝም ብሎ ያልፋል። የፈራሁት ያንን ዝምታ ነው።

ከኋላቸው ቆሜ አየሁ። የባለቤቴ ጽሑፍ በማላውቀው ቋንቋ ይወርዳል፤ መሐሉ ላይ ጥቂት መስመሮች ደብዝዘዋል። ከደብዛዛው ውስጥ አማርኛ አለ። ዳዊት፣ እትዬ፣ ይሄን መስመር ከፕሮግራሙ ውስጥ ማንም አይጠራውም፣ ሥራ የለውም፣ ላጥፋው? አለኝ። እኔንስ ማን ይጠራኛል፣ ልለው ነበር፤ እጄ ቀደመኝ። መዳፌን እንዳለ ቁልፎቹ ላይ ጣልኩት። ዳዊት ደንግጦ እጁን ሰበሰበ።

ሆዳን በሶማልኛ አክስቴ ስትለኝ፣ ኤዶ ተረጋጊ፣ የስድስት ሰዓቱ አልተነካም፣ ይሄ ሌላ ነው አለችና አነበበችልኝ። «አሁንም አልተነሣሽም? እሺ፣ ውሃ እንኳ ጠጪ።»

አይቼው አላውቅም። እንዳስረዳችኝ፣ እንቢ ብዬ ብቀመጥ ሊለኝ ጽፎት፣ ከቀረው ፕሮግራም ጋር ሳያገናኘው ትቶታል። መሣሪያው ባያደበዝዘው እነሱም ልብ አይሉትም ነበር። ለምን ተወው? አንዱን ነገር ሁለቴ መናገር አይወድማ። ዳዊት አሁንም፣ ታዲያ ላጥፋው ወይስ ላገናኘው? አለ። አገናኘው አልኩት።

አሁን ፕሮግራሙ ከመዘጋቱ በፊት ጥቂት ይጠብቃል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግቢ ይለኛል፤ እንዳልሰማ ሆኜ እቀመጣለሁ። ሁለተኛው ሲመጣ ውሃዬን ጠጥቼ እነሣለሁ። ልጆቹ ትናንት ደውለው፣ አዲሱ መሣሪያችን እንዴት ነው ቢሉኝ መሣሪያውን አመሰገንኩላቸው። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ሁለቴ ያልተናገረውን ሰው፣ ከሞተ በኋላ መሣሪያቸው ነዝናዛ አድርጎልኛል።